የተጀመረ ጥልፍ ለሌላ እጅ ሲተርፍ

በየቤታችን ሣጥን ሥር ተጀምሮ የቀረ የእጅ ሥራ አይታጣም። አንዱ ጥግ ብቻ የተጠለፈ የትራስ ልብስ፣ ጫፉ ያልተቋጨ ነጠላ፣ እጅጌው የቀረ የሕፃን ሹራብ ይገኛል። ጀማሪዋ በሕይወት እስካለች ድረስ ነገሩ ብዙም አያሳስብም፤ ጊዜ ስታገኝ ትጨርሰዋለች፣ ካልሆነላትም እዚያው ይቀመጣል። ጀማሪዋ የሌለች እንደ ሆነስ ማን ይጨርሰው? እንዴትስ ይጨረስ?

ይህን ጥያቄ ያነሱልን አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ታላቅ እኅታቸው በአሜሪካ አገር፣ በዋሽንግተን አካባቢ ይኖሩ ነበር። ለሦስት ልጆቻቸው፣ ለያንዳንዳቸው አንዳንድ የገና ካልሲ በፌልት ጨርቅ ላይ ሊጠልፉ አስበው የሁለቱን ጨረሱ፤ የትንሹን ግን ከግማሽ ሳያደርሱ በሕመም ዐረፉ። ባለቤታቸው ለሙት ዓመቱ ወደ አገር ቤት ሲመጡ ሥራውን እንዳለ፣ መርፌው እንኳ ከተሰካበት ሳይነቀል፣ ለጠያቂያችን አስረከቧቸው። ደብዳቤያቸው እንዲህ ይላል፦ «ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። በበዓል የእኅቱና የወንድሙ ሲሰቀል የእሱ ቦታ ባዶ ነው። የእኅቴ ስፌት መጨረሻው አካባቢ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ጠንቶባት ነበር። ፈትቼ በአንድ እጅ እንደ አዲስ ልሥራው? ወይስ ካቆመችበት ልቀጥል? ደግሞስ እኔ ከጨረስሁት በኋላ ልጁን እናትህ የሠራችልህ ነው ማለት ይቻላል?»

ዕቃውን ለማታውቁት ጥቂት እንግለጽ። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ቤተሰቦች በገና ዋዜማ አንድ ትልቅ ካልሲ ሰቅለው የልጆችን ስጦታ በውስጡ ያኖራሉ። ልማዱ ቅዱስ ኒቆላዎስ ለሦስት ድኾች ልጃገረዶች ማጫ የሚሆን ወርቅ በስውር ጣለላቸው ከሚለው ትረካ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ወርቁ ሊደርቅ በተሰጣ ካልሲ ውስጥ ገባ የሚሉም አሉ። ካልሲውን በቤት ለሚሠሩ እናቶች ደግሞ ሁሉ ነገር የተሟላለት ጥቅል በገበያ አለ። ከነዚህ ውስጥ ስሙ የታወቀው ቡሲላ የሚባለው ነው። በውስጡ ሥዕሉ የታተመበት ፌልት፣ የጥልፍ ክር፣ ዶቃ፣ መሐሉ የተበሳ አብረቅራቂ ጌጥ፣ መርፌና የአሠራር ወረቀት ይገኛል። ሲያልቅ ቁመቱ 46 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል።

ፌልት እንደ መንዝ ባና ተፈትሎ የሚሸመን አይደለም። የበግ ፀጉር በእርጥበት፣ በሙቀትና በመታሸት እርስ በርሱ ተያይዞ የሚገኝ ጨርቅ ነው፤ ዛሬ ግን ከሰው ሠራሽ ጭረትም በብዛት ይሠራል። ድርና ማግ ስለሌለው ሲቆረጥ ጫፉ አይተረተርም፤ ዘምዘማም ሆነ እጥፋት የግድ አይሻም። ለጥልፍ ጀማሪ የሚመቸውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምለስ። መልሳችን አጭር ነው፤ አይፍቱት። ጠማማ የተባለው ስፌት የታመመ እጅ ለልጁ ሲል የሠራው ነው። እርሱን ፈትቶ ቀጥ ባለ ስፌት መተካት ሥራውን ያሳምረው ይሆናል፤ ነገር ግን ልጁ አድጎ በጣቱ ሊዳብሰው የሚችለውን ከእናቱ የቀረ ነገር ያጠፋበታል። ቆንጆ የገና ካልሲ ከሱቅ ተገዝቶ ይገኛል። ያ ስፌት ግን ተገዝቶ አይገኝም።

ሁለት እጅ ያረፈበት ሥራ የማን ነው ለሚለው ደግሞ የራሳችንን ነጠላ መመልከት ይበቃል። ጥጡን አንዷ ትፈትለዋለች፤ ሸማኔው ይሸምነዋል፤ ጫፉን ሌላዋ ትቋጨዋለች። ሦስት ሰው የደከመበትን ነጠላ ለብሰን ስንወጣ «የእናቴ ፈትል ነው» እንላለን እንጂ የሸማኔውን ድርሻ ቆጥረን አንቀንስባትም። ሸማኔውም በዚህ ሲቀየም አልሰማንም። ስለዚህ ጠያቂያችን ለልጁ እናትህ የሠራችልህ ነው ቢሉት ውሸት የለበትም፤ አክስትህ ቋጨችው የሚለውን መጨመር ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ጉዳይ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ጄኒፈር ሲሞኒክና ሜሲ ካፕላን የተባሉ ሁለት ወዳጆች በ2022 እ.ኤ.አ. ሉዝ ኤንድስ የሚባል ድርጅት መሥርተዋል። ሥራው በሞት ወይም በሕመም ምክንያት የቆመን ሹራብ፣ ጥልፍና የመሳሰለውን የእጅ ሥራ ለመጨረስ ፈቃደኛ ከሆነ ባለሙያ ጋር ማገናኘት ነው፤ ጨራሾቹም ዋጋ አይጠይቁም። የማያውቁት ሰው ይህን ያህል ከደከመ እኅት ለእኅቷ ብትደክም የሚደንቅ አይሆንም።

ወደ ሥራው ስንገባ መጀመሪያ የሚወጣው መርፌው ነው። በጨርቅ ላይ ተሰክቶ የከረመ መርፌ ይዝጋል፤ ዝገቱም ፌልቱን ያበላሻል። ሲነቀል የሚከብድ ከሆነ ሳትጎትቱ ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ አውጡት። ከመርፌው የተንጠለጠለውን ክር ግን አትቁረጡት፤ ወደ ጨርቁ ጀርባ አውጥታችሁ ከሥሩ አስሩት። ቀጥሎ ዕቃው ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይቆጠር። የአሠራሩ ወረቀት ምን ምን መኖር እንዳለበት ስለሚዘረዝር የጎደለው ቶሎ ይታወቃል። በበግ ፀጉር ፌልት ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ከታየ ብል ገብቶበታል ማለት ነውና አራግፉት፤ ጥቂት ቀን ለብቻው ይቀመጥ።

ክር ጎድሎ ከተገኘ ከሥራው ትንሽ ቁራጭ ይዞ ገበያ መውጣት ያስፈልጋል። ቀለሙን በሱቁ መብራት ሥር ሳይሆን በር ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን አስተያዩት። ባለሙያዎች የሚያውቁት ዲ.ኤም.ሲ. የሚባለው የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው የተገመዱበት ሲሆን አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው። ለፌልት ሥራ ብዙውን ጊዜ ከስድስቱ ሁለቱ ብቻ ተነጥለው ይሠራባቸዋል።

ከዚያ በኋላ የጀማሪዋን እጅ ማጥናት ይገባል፤ ለዚህም ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ብዙ ይናገራል። ስንት ክር አድርጋ ነበር? ስትጀምር ትቋጥራለች ወይስ ጫፉን ከሥር ትቀብራለች? ስፌቷ ወደ ቀኝ ያዘነብላል ወይስ ወደ ግራ? በአንድ ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ጊዜ ትወጋለች? ይህን አይታችሁ በትርፍ ቁራጭ ላይ ሁለት ሦስት ምሽት ተለማመዱ። የእጇን መጠን መከተል ደግ ነው። ጠማማውን ጭምር አስመስሎ መሥራት ግን አያስፈልግም፤ እናንተ በራሳችሁ እጅ ቀጥሉ። ከስፌቷ የላላ ቢኖር ከጀርባ በቀጭን ክር ይጠበቅ እንጂ አይቆረጥ።

ቀሪው ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በየቁራጩ ላይ ያለው ጥልፍ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ የልብሱ መስመር በቅድሚያ ያልቃል። ከዚያ ቁራጮቹ ከኋላ ወደ ፊት እየተደረቡ ይሰፋሉ፤ በሥዕሉ ላይ ሩቅ የሚታየው መጀመሪያ፣ ቅርቡ መጨረሻ። በመካከላቸው ጥቂት ጥጥ ሲገባ ያብጥና ያምራል፤ ሲበዛ ግን ስፌቱን ይወጥረዋል። አብረቅራቂው ጌጥ የሚያዘው በዶቃ ነው፤ መርፌው በጌጡ ቀዳዳ ይወጣል፣ ዶቃ ይለብሳል፣ በዚያው ቀዳዳ ይመለሳል። ዶቃው ከቀዳዳው ስለሚሰፋ ጌጡ አይወልቅም። ሙጫ የሚቀቡ አሉ፤ እኛ አንመክርም፤ ሲከርም ቢጫ ሆኖ ይላቀቃል። ካውያም ቢሆን ይራቅ። ሰው ሠራሽ ፌልት በሙቀት ይቀልጣል፣ የበግ ፀጉሩም ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይኮማተራል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል።

ከሥራ ገብታችሁ፣ ራት አቅርባችሁ፣ ልጆች አስተኝታችሁ የምትቀመጡባት ግማሽ ሰዓት ለነጭና ለቀይ ቁራጭ ትሁን። ጥቁሩንና ደማቅ አረንጓዴውን ለእሑድ ረፋድ አቆዩት፤ በማታ አምፖል ጥቁር ፌልት ላይ መጥለፍ ዓይን ከማድከም በቀር ፍሬ የለውም። በዚህ አያያዝ ወራት እንደሚወስድ አውቃችሁ ጀምሩ። ለዘንድሮ በዓል ለማድረስ ተብሎ የሚጣደፍ ከሆነ ለከርሞ ቢቆይ ይሻላል። ልጁ ግን እየተሠራለት መሆኑን ይወቅ፤ በየወሩ የደረሰበትን ፎቶግራፍ አንስቶ በስልክ መላክ ቀላል ነው።

የልጁ ስም በካልሲው አፍ ላይ ይጠለፋል። ጠያቂያችን በመጀመሪያ የሁለቱን ልጆች ካልሲ ፎቶግራፍ አስልከው ይመልከቱ። እናትየው በላቲን ፊደል ጽፈው ከሆነ የትንሹም በዚያው ፊደል፣ በዚያው መጠን ይሁን፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ልጁ ልዩነት ፈላጊ ነው። የአማርኛው ፊደል ቦታ ከጀርባ ነው። እዚያ የእናት ስም፣ የአክስት ስም፣ የተጀመረበትና የተጨረሰበት ዓመት በትንንሹ ይጠለፍ። ዓመቱ የእኛ ከሆነ ዓ.ም.፣ የእነሱ ከሆነ እ.ኤ.አ. የሚለው አይረሳ። ሁለቱ አቈጣጠሮች በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚራራቁ፣ ምልክት የሌለው ቁጥር ከሠላሳ ዓመት በኋላ እናቲቱን ልጁ ሳይወለድ የጠለፈች ሊያስመስላት ይችላል። የእነሱ ገና ዲሴምበር 25፣ በእኛ ታኅሣሥ 15 ወይም 16 ነው፤ ከእኛ ገና በ13 ቀን ይቀድማል። ልጁ ሁለቱንም የሚያከብር ከሆነ ካልሲው ለሁለቱም ይሰቀልለታል።

የመስቀያዋን ማንጠልጠያ ግን ጨርሳችሁ አትስፏት። አንደኛውን ጫፍ አጥብቃችሁ፣ ሁለተኛውን በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ብቻ ላኩ፤ የመጨረሻዎቹን አራት አምስት ስፌቶች አባቱ መርፌውን እየያዘለት ልጁ ራሱ ይስፋቸው። ሰባት ዓመት ለዚህ ይበቃል።

ለሚሄድ ሰው ስትሰጡ ካልሲው አይታጠፍ። በውስጡ ንጹሕ ስስ ወረቀት ገብቶ በጠንካራ ካርቶን ላይ ይዘርጋ። የተረፈው ክር፣ ጥቂት ዶቃና የየቀለሙ ፌልት ቁራጭ በፖስታ ሆኖ አብሮት ይሂድ፤ አንድ ቀን መጠገኛ ይፈለግለታል። ሲጠቀለል ግን በጋዜጣ አይሁን፤ ይህም ጋዜጣ ቢሆን ቀለሙ ነጩን ፌልት ያጠቁረዋል።