የተመላሽ ግብር ቀን ከየት ይቆጠራል?

ግብር መክፈል የዜግነት ግዴታ መሆኑ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ተጽፏልም። በየዓመቱ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በገቢ መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ የሚታየው ሰልፍ ይህ ግዴታ ምን ያህል በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ሥር እንደ ሰደደ ይመሰክራል። የዚሁ ግዴታ ሌላኛው ፊት ግን፣ ማለትም መንግሥት ከሚገባው በላይ የተቀበለውን ገንዘብ ለባለቤቱ የሚመልስበት መንገድ፣ ከቦሌ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ጎሮ በሚኖረውና በሚሠራው ሕዝብ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። ጥቂት ነጋዴዎችና የሒሳብ ባለሙያዎች ብቻ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። በዚህም የተነሣ ተመላሽ ግብር የባለሀብት ጉዳይ ነው፣ ሠራተኛውንና የሠፈር ማኅበሩን አይመለከትም የሚል አስተሳሰብ ሰፍኗል። አስተሳሰቡ የተሳሳተ መሆኑን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በአንድ የምሥራቅ አዲስ አበባ ሠፈር የተደራጀ የእንጨትና የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር እንዳለ እናስብ። ማኅበሩ ለትምህርት ቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች ወንበርና ጠረጴዛ ያቀርባል። በ2008 ዓ.ም በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ገዢው መሥሪያ ቤት ሒሳቡን ሲከፍል ከጠቅላላው ዋጋ 2 በመቶ ቀንሶ ያስቀራል፤ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የሚባለው ይህ ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም ተሻሽሏልና ምሳሌያችን ከማሻሻያው በፊት የነበረን ዓመት ይመለከታል። ማኅበሩ በዓመቱ የ3,000,000 ብር ዕቃ ቢሸጥ አስቀድሞ የተያዘበት ግብር 60,000 ብር ይሆናል። ዓመቱ ሲዘጋ ግን የእንጨቱ፣ የብረቱ፣ የቤት ኪራዩና የደመወዙ ወጪ ተቀንሶ የተገኘው ትርፍ 100,000 ብር ብቻ ሆነ እንበል። የድርጅት ግብሩ 30 በመቶ ስለሆነ ማኅበሩ የሚፈለግበት 30,000 ብር ነው። ቀሪው 30,000 ብር የማን ነው? የማኅበሩ አባላት ላብ ነው። በመንግሥት ካዝና ውስጥ ያለው በአደራ ነው።

አደራው እንዴት እንደሚመለስ ሕጉ በግልጽ ደንግጓል። በ2008 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983፣ አስቀድሞ የተከፈለው ግብር ከሚፈለገው በልጦ ሲገኝ ትርፉ በመጀመሪያ ግብር ከፋዩ ላለበት ሌላ የግብር ዕዳ ማቻቻያ እንዲውል፣ ዕዳ ከሌለ ወይም ዕዳው ተከፍሎ የሚተርፍ ካለ የግብር ማስታወቂያው በቀረበ በ90 ቀን ውስጥ ለባለቤቱ እንዲመለስ ያዛል። ገንዘቡ ወደ መጪው ዓመት የሚተላለፈው ግብር ከፋዩ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ «ለከርሞ ይያዝላችሁ» ብሎ በቃል መሸኘት ከሕጉ ጋር አይጣጣምምና።

የእኛ የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሒሳብ የተመቸ ነው። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ በጥቅምት 30፣ ማለትም የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች የመጨረሻ ቀን፣ ያስታወቀ ማኅበር 90ኛው ቀን የሚሞላለት ጥር 30 ነው። ጥምቀት አልፎ፣ የጥር ሠርግ አልቆ ወሩ ሲገባደድ ገንዘቡ በባንክ ሒሳቡ መግባት አለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚዘገይበት ጊዜ ሁሉ መንግሥት ወለድ እንዲከፍል አዋጁ ያስገድዳል፤ የወለዱም ልክ በቀደመው ሩብ ዓመት በአገሪቱ የታየው ከፍተኛው የንግድ ባንክ ማበደሪያ ወለድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሚዛን ያልጠበቀ ነገር አለ፤ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ግብር ከፋዩ በበኩሉ ሲዘገይ በዚሁ ከፍተኛ የማበደሪያ ወለድ ላይ ሌላ 15 በመቶ ተጨምሮ ይታሰብበታል። ከወለዱ ሌላ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ መቀጫ አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲዘገይ ግን መቀጫ የሚባል ነገር የለም። የመንግሥት ገቢ የሕዝብ ስለሆነ ጠበቅ ያለ ጥበቃ ቢደረግለት እኛም አንቃወምም። ነገር ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚከብድ ሚዛን በሌላው ወገን ቸልተኝነትን እንደሚያፈራ መካድ አይቻልም።

ጉዳዩ ሰፋ ብሎ የሚታየው በወጪ ንግድ ላይ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈረንሳይ አገር በ1954 እ.ኤ.አ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ነው፤ መከፈል የጀመረውም በ1995 ዓ.ም ነው። የታክሱ መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው። አምራቹ ዕቃ ሲገዛ 15 በመቶ ይከፍላል፤ ሲሸጥ ከገዢው 15 በመቶ ይቀበላል፤ ልዩነቱን ለመንግሥት ያስገባል። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዕቃ ግን ታክሱ የሚታሰብበት በዜሮ ምጣኔ ስለሆነ ላኪው ከውጭ ገዢው የሚሰበስበው ታክስ የለም። ስለሆነም ሲገዛ የከፈለው ሊመለስለት ይገባል። የ1994ቱ አዋጅ ከሽያጩ ቢያንስ 25 በመቶው በዜሮ ምጣኔ ለሆነ ላኪ፣ ማመልከቻውን ከነማስረጃው ካቀረበ በሁለት ወር ውስጥ እንዲመለስለት ደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1341 እስከሚተካ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል።

እንግዲህ ወደ ቦሌ ለሚ እንሂድ። በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ይህ የኢንዱስትሪ ፓርክ ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሲሆን በሼዶቹ ውስጥ በስፌት መኪና ላይ ከተሰለፉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። እዚያ ያለ አንድ ፋብሪካ ከአገር ውስጥ የ4,000,000 ብር ጨርቅና ካርቶን ቢገዛ የሚከፍለው ታክስ 600,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ስድስት ወር ቢዘገይና ፋብሪካው ክፍተቱን በዓመት 16 በመቶ ወለድ ከባንክ ተበድሮ ቢሸፍን፣ ለወለድ ብቻ 48,000 ብር ያወጣል። ለስሌት ያህል የአንዲት ሰፊ የወር ደመወዝ 3,000 ብር ቢሆን፣ ይህ የ16 ሰፊዎች የአንድ ወር ደመወዝ ነው። «የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ለሚቀጥለው ወር ይሁን» የሚለው ማስታወቂያ በፋብሪካው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ከፋብሪካው አጥር ውጭ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ያለ ፋይል ሊሆን እንደሚችል ሠራተኛው ማወቅ ይኖርበታል። ይህን ስንል ደመወዝ የሚያዘገይ አሠሪ ሁሉ ተመላሽ ግብርን ሰበብ ያድርግ ማለታችን አይደለም፤ ሰበብ የሚፈልግ አሠሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን።

ወለዱ ሒሳቡን በሙሉ አያሳይም፤ የብር ዋጋም አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ ቀድሞ በ58 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ከ10,000 ዶላር በላይ የሚመነዘረው 600,000 ብር ከዚያ በኋላ 6,000 ዶላር የማይሞላ ሆነ። በሰኔ ሊመለስ ሲገባው ወደ መስከረም የተሻገረ ተመላሽ በቁጥር ያው ነው፤ ለስፌት መኪናው መለዋወጫ ሲገዛበት ግን ግማሽ ሊባል የሚችል ሆኗል። የአሜሪካን ገበያ ያለ ቀረጥ የሚያስገባው የአጎዋ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከአገራችን ከተነሣ ወዲህ ገዢ ለራቃቸው ፋብሪካዎች እንዲህ ያለው ጉድለት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት የለም ወይ? አለ፤ በቅንነት መታየትም ይገባዋል። ተመላሽ ግብር የመንግሥት ካዝና በወረቀት ብቻ ሊዘረፍ የሚችልበት በር ነው። ያልተሸጠን ዕቃ እንደ ተሸጠ አድርጎ የሚያሳይ ሐሰተኛ ደረሰኝ ይዞ የሚቀርብ ሰው ያልከፈለውን ታክስ «መልሱልኝ» ይላል። ይህን ሳያጣራ የሚከፍል ሹም የሕዝብ ንብረት አባካኝ ነው። ከዚህም ሌላ ከውጭ በገባ ዕቃ ላይ ታክሱን የሚቀበለው የጉምሩክ ኮሚሽን ሲሆን፣ ተመላሹን የሚወስነው የገቢዎች ሚኒስቴር ነው፤ ዲክላራሲዮኑ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው መድረስና መመሳከር አለበት። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሕጉ ወራትን የሰጠው ግን ለዚሁ ማጣሪያ ነው። ማጣራቱ የሚከናወነው በተሰጠው ቀን ውስጥ እንጂ ቀኑ ካለቀ በኋላ የሚጀመር አይደለም። ለዓመታት መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ግብር ከፋይ ቅድሚያ ተከፍሎት ምርመራው በኋላ ቢከተል፣ አዲስና አጠራጣሪ የሆነው ደግሞ አስቀድሞ ቢመረመር የሰው ኃይሉም በሚያስፈልግበት ቦታ ይውላል።

በእኛ አመለካከት ዋነኛው ቅራኔ ያለው በሕጉ ቀንና በቢሮው ቀን መካከል ነው። ሕጉ የሚቆጥረው ማስታወቂያው ወይም ማመልከቻው ከቀረበበት ዕለት ነው። ቢሮው ደግሞ ሰነዱ «ተሟልቷል» ካለበት ዕለት ለመቁጠር ይፈልጋል። ዛሬ አንድ ደረሰኝ ጎደለ ይባላል፤ እሱ ሲመጣ ሌላ ይጎድላል፤ ሦስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን የተቀበለው ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፣ ፋይሉም የውሃ ሽታ ሆኗል። በዚህ ዓይነት 90 ቀን ሳያልቅ ዓመት ያልፋል፤ ምክንያቱም ቆጠራው ገና አልተጀመረም! በተለይም አንድ ቅርንጫፍ የሚመሰገነውና የሚወቀሰው በሰበሰበው ገንዘብ መጠን ብቻ በሚሆንበት ቦታ፣ የሚመለስ ገንዘብ ከዕቅዱ ላይ እንደ ተነጠቀ ስለሚታይ ፋይሉን የሚያፋጥን ሰው አይገኝም። የሚለካው የተሰበሰበው ብቻ ሳይሆን በቀኑ የተመለሰውም ቢሆን የሹሙ ፍላጎትና የሕጉ ትእዛዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ባመሩ ነበር።

አባቶቻችን ደጅ ጥናት የሚሉት ነገር ነበር። ባለጉዳዩ በመኳንንቱ ደጃፍ ወር ከመንፈቅ ሲመላለስ ይውላል፤ ጉዳዩ የሚያልቀው ጊዜው ሲደርስ ሳይሆን ጌታው ዐይናቸውን ሲያነሡለት ነው። ጀርመናዊው ምሁር ማክስ ቬበር ዘመናዊ ቢሮክራሲ ከዚህ የሚለየው በጽሑፍ በሰፈረ መዝገብና በታወቀ ደንብ ስለሚሠራ ነው ብሎ አስተምሯል። እንግዲያው ኮምፒዩተርና ማኅተም ባለበት ክፍል ውስጥ «ጉዳይህ በሂደት ላይ ነው፣ ሳምንት ብቅ በል» የሚል መልስ ሲሰጥ፣ ቅርጹ ዘመናዊ፣ ይዘቱ ግን የድሮው ደጅ ጥናት ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባዩ የሚገባው።

በዋሽንግተን የሚኖር ወገናችን ከአሜሪካ የገቢ መሥሪያ ቤት የሚመለስለትን ግብር በስልኩ ይከታተላል። ማስታወቂያው መድረሱን፣ መጽደቁን፣ ገንዘቡ መላኩን በሦስት እርከን ያያል፤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የቀረበው አብዛኛው በ21 ቀን ውስጥ ያልቃል። ያም መሥሪያ ቤት ቢሆን ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር የወረቀት ማስታወቂያ ተከምሮበት ሕዝቡን ወራት ማስጠበቁን አንዘነጋም። ሆኖም ፋይሉ የት እርከን ላይ እንዳለ ማሳየት ከሀብት ይልቅ ፈቃድን ይጠይቃል። በእኛም አገር በቴሌብር ግብር ሲከፈል ገንዘቡ መድረሱን የሚገልጽ መልእክት ወዲያው ይመጣል። መክፈሉን በቅጽበት የሚያበሥረው ስልክ ተመላሹ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደ ቆመ ለመንገር ለምን ይሳነዋል? በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማታ የሚጫነው አበባ ጧት አውሮፓ ሲገባ፣ በየት በኩል እንዳለፈ በየሰዓቱ ይታወቃል።

እስከዚያው ድረስ የማኅበራት አመራሮችና የሠራተኛ ተወካዮች በእጃቸው ያለውን መሣሪያ ይጠቀሙ። ማመልከቻው በሁለት ቅጅ ይቅረብ፤ አንዱ ቅጅ የገቢ ቁጥርና ቀን ሰፍሮበት፣ ማኅተም አርፎበት ይመለስ። የጎደለ ሰነድ ካለ ሁሉም በአንድ ጊዜ በጽሑፍ ይገለጽ ተብሎ ይጠየቅ። በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዡ ስለ ተሰበሰበው መዋጮ ብቻ ሳይሆን ስለ ተመላሹም ስንተኛ ቀኑ እንደ ሆነ ያስረዳ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መልሱ፣ እምቢታም ቢሆን፣ በጽሑፍ ይሰጥ ዘንድ አጥብቀው ይጠይቁ። በጽሑፍ በተሰጠ ውሳኔ ላይ በ21 ቀን ውስጥ ለዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ማቅረብ፣ በቅሬታው ውሳኔ ያልተስማማም በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ማለት ይቻላል። «ነገ ና» በሚል ቃል ላይ ግን ይግባኝ የሚቀበል ኮሚሽን የለም።