ዕርቁ ተመዘገበ፤ ምክንያቱስ?

ሽማግሎች ሁለት ባለጉዳዮችን ሲያስታርቁ፥ ማን ምን እንደ ጠየቀና ስለ ምን እንደ ተወ አብሮ ካልታወቀ ክርክሩ ነገ ተመልሶ ይነሣል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶቻችንም ይህን የመሰለ ዕርቅ ዘወትር ይፈጽማሉ።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. ለሊኑክስ ሥራ ብሎ የጀመረው ጊት የሚባለው መዝገብ፥ ብዙ ሰዎች አንዱን ጽሑፍ በየፊናቸው አሻሽለው ኋላ እንዲያዋሕዱት ያስችላል። ነገር ግን ቅጣት የሚጀምርበት ቀን 60 ተብሎ የተጻፈበትን መሥመር አንዱ ጸሐፊ 30፥ ሌላው 45 ብለው ቢለውጡት፥ ጊት ራሱ አይፈርድም፤ ሁለቱን በምልክት ለይቶ ለሰው ያቀርባል። ሰውየውም 30ን መርጦ ይመዘግባል እንበል። ይህ መዝገብ ከሌሎቹ የሚለየው ሁለት ወላጆች ስላሉት ነው። ሁለቱን ወላጆችና የመጨረሻውን ጽሑፍ ይይዛል፤ 45 ስለ ምን እንደ ቀረ ግን ከራሱ አይናገርም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ከውሕደቱ በኋላ ፋይሉ በሙሉ ከአንዱ ወገን ጋር ፍጹም አንድ ከሆነ፥ የዚያን ፋይል ታሪክ በተለመደው ትእዛዝ የሚጠይቅ ሰው የሚያየው የዚያን ወገን ታሪክ ብቻ ነው። የሁለተኛው ጸሐፊ ድካም ከመዝገቡ ሳይጠፋ ከዓይን ይሰወራል፤ ሙሉው ታሪክ ይታይ ብሎ በተለይ ካላዘዙም አይገኝም።

«ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ጊት ውሕደቱን እንደገና ሠርቶ የሰው እጅ የለወጠውን የሚያሳይ ትእዛዝ አለው፤ ታዲያ ምን ያሳስባል?» የሚሉ አይጠፉም። ትእዛዙ ጠቃሚ መሆኑን እኛም እናምናለን። ሆኖም የሚያሳየው ምን እንደ ተለወጠ ነው፤ ስለ ምን እንደ ተለወጠ የሚያውቀው የፈረደው ሰው ብቻ ነው። እርሱ ደግሞ ሥራ ይለውጣል፥ ወይም ራሱ ይረሳል።

ስለዚህ ጊት አዘጋጅቶ የሚያቀርበውን «ቅርንጫፉ ተዋሐደ» የሚል ደረቅ ቃል እንዳለ ተቀብሎ ማለፍ የሥራ ፍጻሜ ሊባል አይገባም እንላለን። ምን ተጋጨ፥ የትኛው ተመረጠ፥ ስለ ምን ተመረጠ? ለነዚህ መልስ ሦስት መሥመር ይበቃል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና፥ የነገው ተረካቢ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይውረስ። 45 ብሎ የጻፈውም ባልደረባ ሐሳቡ ተመዝኖ እንጂ ተረስቶ እንዳልቀረ ይወቅ።