የ40 ዶላር ቅያሜ

በእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርኩ። አንድ አባል 4 ትኬት ወስዶ 40 ዶላሩን በሰዓቱ ከፍሏል። እኔ ግን ሰው ሁሉ በሚያየው ግሩፕ ላይ «ቀሪ 40 ዶላር አለብህ» ብዬ ጻፍኩለት። ልጁ አልተከራከረም፤ ዝም ብሎ ከፈለ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ አላየነውም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ለገና ዝግጅት ያንኑ የኤክሴል ፋይል ስከፍት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ዓምድ ቢ የትኬት ብዛት ነው። የተማሪ ዋጋ 10 ዶላር ኤፍ1 ላይ፣ የእንግዳ ዋጋ 20 ዶላር ደግሞ ከሥሩ ኤፍ2 ላይ አለ። ሲ2 ላይ «=ቢ2*ኤፍ1» ብዬ ጻፍኩና ፎርሙላውን ወደ ታች ጎተትኩት። ሲ3 ላይ «=ቢ3*ኤፍ2» ሆነ፤ ተማሪውን በእንግዳ ዋጋ አሰበው። ከሲ4 ጀምሮ በባዶ ሴል እያባዛ ዜሮ ሲያመጣ ደንግጬ አስተካከልኩ። ሲ3 ግን 80 ይላል፤ 80 ደግሞ ትክክል ይመስላል። አለፍኩት።

ኤክሴል «ኤፍ1» ስንለው የሚረዳው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት እንደምንጠቁመው ነው፦ ከቆምክበት ሦስት ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ላይ። መነሻህ በአንድ ቤት ዝቅ ካለ የምታንኳኳው የጎረቤትን በር ነው። ለትኬት ብዛት ይህ ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር አለው። ዋጋው ግን ቋሚ አድራሻ ይፈልጋል፦ $ኤፍ$1። የመጀመሪያዋ የዶላር ምልክት ዓምዱን፣ ሁለተኛዋ ረድፉን ትቆልፋለች።

«እኛ አካውንቲንግ አናጠናም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ጉዳዩ የትምህርት ዘርፍ አይደለም። ስመ ጥሮቹ ኢኮኖሚስቶች ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 ስለ መንግሥት ዕዳና ዕድገት ባወጡት ጥናት፣ አማካይ የሚያወጣው ፎርሙላ እስከ ረድፍ 49 መውረድ ሲገባው 44 ላይ ቆሞ አምስት አገሮችን አስቀርቷል። በጥናቱ ላይ የተነሳው ጥያቄ ይህ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ስህተት ግን እነሱም አምነዋል። በ2013 ከሁለት መምህራኑ ጋር ይፋ ያደረገው ቶማስ ሄርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሊያገኘው የቻለው ፋይሉን ጠይቆ ስለተሰጠው ነው።

የእኔም ሐሳብ ይኸው ነው። ገንዘብ ያዥ ሪፖርት ሲያቀርብ የስክሪን ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ አንቀበል። እነሱ የሚያሳዩት ውጤቱን እንጂ ፎርሙላውን አይደለም። ፋይሉ ራሱ ይጋራ፤ ሌላ አባል የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ረድፍ ተጭኖ ፎርሙላውን ያንብብ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አለመተማመንም አይደለም፤ ብር ሲቆጠር ሁለተኛ ሰው አጠገብ መኖሩ ለቆጣሪውም ይበጃል። ደግሞም ማንንም «አለብህ» ከማለታችን በፊት የዚያን ሰው ረድፍ እንክፈት።

40 ዶላሩን መልሼ፣ በዚያው ግሩፕ ላይ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ችግር የለም» ብሎ መለሰልኝ። ለገና ግን አልመጣም።