በር ላይ የሚቆጠር እግር

«ቤተ መጻሕፍትን በገባው ሰው ቁጥር መዝኑት፤ የተማሪ አስተያየት ወሬ ነው» የሚለውን ጽሑፍ አነበብሁት። ጸሐፊው ይፋግ ገበያ ወጥተው አያውቁም መሰለኝ። የሩዙ ኩንታል ሚዛን ላይ ወጥቶም ገዢው እፍኝ ሳይዘግን፣ ስባሪውን ሳያይ ብሩን አይቆጥርም።

አንድ ቀን ከሰዓት ስሙን በማልጠቅሰው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ የነበረው ልጅ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ገባ። ስልኩን ሶኬት ላይ ሰክቶ የሚያነበው የራሱን ሃንዳውት ነው። በር ላይ ግን ሦስት ሰው ተብሎ ተቆጠረ። የሚፈልገው መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ደርሶት እንደማያውቅ የነገረኝ ስጠይቀው ነው። ይህን የትኛው ቁጥር ይናገራል?

በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተጀመረው ሊብኳል የተባለው የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት መጠይቅ 22 ዋና ጥያቄዎች አሉት። ተጠቃሚው ለእያንዳንዱ ቢያንስ የሚቀበለውን፣ የሚመኘውንና ያገኘውን ደረጃ በቁጥር ይሰጣል። ቁጥር አምላኪዎቹ የመጠይቁ አዘጋጆች ራሳቸው ታዲያ የነጻ አስተያየት ቦታ ትተዋል! ቁጥሩ የሚያመውን ቦታ ያሳያል፤ ምክንያቱ የሚገኘው አስተያየቱ ውስጥ ነው።

እርግጥ አምስት ተማሪ አነጋግሮ «ሁሉም ረክቷል» የሚል ሪፖርትም አይቻለሁ፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው አልተሳሳቱም። የውሰት መዝገቡን ይቁጠሩ። ልጁን ደግሞ ሶኬቱ አጠገብ ያገኙታል።