የመናገሻ ደንና የጎረቤቱ ማገዶ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በወጨጫ ተራራ ላይ፥ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከታች ጥድ፥ ዝግባና ወይራ፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ፤ ከጫፉ አጠገብ ደግሞ አስታ ይታያል።

ይህን የሚጐበኝ ሰው ሽቅብ እያየ ይደነቃል። ነገር ግን የደን ዕድሜ የሚታወቀው ጐንበስ ብሎ ችግኙን በመፈለግ ነው። ጥድ በዝግታ የሚያድግ፥ ብርሃንም የሚሻ ዛፍ ነው። ፍሬውን ወፎች ይበትኑለታል፤ የበቀለውን ቡቃያ ከብት ከረገጠው ግን አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አይኖረውም።

እንግዲህ ደንን የሚጠብቀው ምንድን ነው? ትእዛዝ ነው የሚሉ አሉ። ትእዛዝ እንደሚያስፈልግ አይካድም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አዲስ አበባ በተቈረቈረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶ አልቆ፥ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዪቱን ካለችበት እንድትረጋ የረዳት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጣል፥ ከሥሩም ብዙ አያበቅልም እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። ሆኖም የሚቈረጥ ዛፍ ባለበት የማይቈረጠውን ማትረፍ ይቀላል።

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቋል። መትከል መልካም ነው፤ የጸደቀው ሳይቈጠር የተተከለውን ብቻ መቍጠር ግን «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆን ያሰጋል። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቍጥር 1065 የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት ማወቁ፥ ጎረቤቱ ከጠባቂነቱ የሚጠቀምበትን በር ከፍቷል።

ስለዚህ ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወንበር የሚቀመጠው ወጣት፥ «ደኑን መንካት ክልክል ነው» የሚለውን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ የጎረቤቱ ማገዶ፥ የከብቱስ ሣር ከየት ይመጣል? መልስ ያላገኘ ጥያቄ መጥረቢያ ይዞ ሌሊት ወደ ደኑ ይገባልና።