ኮምፒዩተሩ አልነሣም ሲል

ከደጋን አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ የላኩልን ደብዳቤ አጭር ነው። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ የቤታቸው ኮምፒዩተር አልነሣም ማለቱን፣ ኮምቦልቻ ወስደው ያሳዩት ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይግዙ» ብሎ እንደመለሳቸው ይገልጻሉ። ልጃቸው የምታጠናው በዚሁ ኮምፒዩተር ነው። የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፎችም በሙሉ ያሉት በውስጡ ነው። «ምን ይሻለኛል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጠጋኙ ልክ ሊሆን ይችላል። ሳይከፍት ግን ሊያውቅ አይችልም። ስለሆነም ለእኒህ እናት ብቻ ሳይሆን፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በየቤቱ ይህ ችግር ለሚገጥማችሁ እናቶችና ሠራተኞች ሁሉ፣ ወደ ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በገዛ እጃችሁ ልታዩት የምትችሉትን እንነጋገርበት። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ጉዳዩ የቅንጦት ዕቃ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

በብዙ ቤት ኮምፒዩተር የባልና የወንድ ልጅ ዕቃ ሆኖ ይታያል። እናት አቧራውን ትጠርጋለች እንጂ አትነካውም። ይህ ለእኔ አይገባኝም። የኤሌክትሪክ ምጣዷ አልሞቅ ሲላት ሶኬቱን ነቅላ፣ ጫፉ መጥቆሩን አይታ፣ ገመዱ የት ላይ እንደላላ በእጇ ዳብሳ የምታገኝ ሴት፣ የኮምፒዩተርን የመጀመሪያ ምርመራ ማድረግ የማትችልበት ምክንያት የለም። ሥራው ያው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ እስከ ዕቃው መድረሱን ያረጋግጡ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ሒሳቡ አልቆ እንደሆነ፣ ብሬከሩ ወርዶ እንደሆነ ይመልከቱ። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ በተሰካበት ቀዳዳ ላይ የስልክ ቻርጀር ይሰኩ። ስልኩ ካልሞላ ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ አይደለም፤ የሶኬቱ ወይም የዲቫይደሩ ነው። ዲቫይደር በየቤታችን ከሚገባው በላይ ይሸከማል። ማቀዝቀዣው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሻይ ማፍያው ሁሉ በአንዱ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ከዲቫይደር ነቅሎ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክቶ መሞከር ብዙ ጊዜ መልሱን ይሰጣል።

እዚህ ላይ ወሎን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ልጆቻችንና እህቶቻችን ከዐረብ አገር የሚልኳቸው ዕቃዎች ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ሶኬት ይዘው ይመጣሉ፤ የእኛ ግድግዳ ደግሞ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። በክብሪት እንጨት ወይም በእስክሪብቶ ታግሎ ማስገባት የተለመደ ሆኗል። እንዲህ የገባ ሶኬት ጠብቆ አይቀመጥም፤ ይፈነጥቃል፣ ይግላል፣ መጨረሻም ይቀልጣል። በትክክል የሚገጥም መቀየሪያ መግዛት ይሻላል።

ከሶኬቱ ጥርስ ይልቅ የሚያሠጋው ግን ቮልቱ ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት ሲሆን፣ በሳውዲ ዐረቢያም ለረዥም ዘመን በየቤቱ ይሠራበት የነበረው 127 ቮልት ነበር። አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነ፣ በሳጥኑ ጀርባ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ትንሽ ቀይ መግፊያ ይኖረዋል፤ በላዩ 115 ወይም 230 የሚል ይነበባል። በ115 ላይ እንዳለ እኛ ጋ ከተሰካ ወዲያው ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ያበቃል። ከውጭ የመጣ ኮምፒዩተር ካለዎት ዛሬውኑ ዞረው ይመልከቱት። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 የሚል ስለሚጻፍበት አያሳስብም። ጽሑፉ በጣም ደቃቅ ነው፤ ልጅ ያንብብልዎት።

በዚያው በሳጥኑ ጀርባ ማብሪያና ማጥፊያም አለ። ቤት ሲጠረግ በጨርቅ ተነክቶ ጠፍቶ፣ ባለቤቶቹ «ተቃጠለ» ብለው ሳጥኑን ተሸክመው ጥገና ቤት የሚሄዱበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ አሁንም ካልተነሣ፣ ገመዱን ጨርሶ ይንቀሉ። ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። ከዚያ ማብሪያውን ተጭነው በልብዎ 30 እስኪቆጥሩ ይያዙት። በውስጡ ተጠራቅሞ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። መልሰው ሰክተው ይሞክሩ። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ የደነገጠ ዕቃ በዚህ ብቻ የሚነሣበት ጊዜ አለና፣ ለደጋኗ እናት በመጀመሪያ የምመክረው ይህንኑ ነው።

አሁን ያዳምጡ። ማራገቢያው ይዞራል? ትንሿ መብራት በርታለች? ሁለቱም ካሉና ስክሪኑ ብቻ ከጨለመ፣ ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ይሆናል፤ ያልተነሣው ሞኒተሩ ነው። ሞኒተሩ የራሱ ገመድና የራሱ ማብሪያ አለው። ከሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውንም ገመድ በሁለቱም ጫፍ ነቅለው አጥብቀው ይመልሱት።

ማራገቢያው እየዞረ ሳጥኑ «ጢጥ፣ ጢጥ» እያለ ቢጮኽ መልካም ምልክት ነው፤ ሕመሙን እየተናገረ ነውና። ቋንቋው እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ራም የሚባለው የማስታወሻ ክፍል በቦታው በደንብ አለመቀመጡን ወይም መቆሸሹን ያመለክታል። ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መኪና ባለፈ ቁጥር የሚነሣው አቧራ ደግሞ በር ቢዘጉትም ይገባል። ገመዱን ነቅለው፣ የጎን ክዳኑን ፈትተው፣ የሳጥኑን ብረት በባዶ እጅዎ ነክተው፣ ራሙን በሁለቱ ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ አድርገው ያውጡት። ወርቅማ ጠርዙን በልጅዎ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለው አሽተው፣ ፍርፋሪውን አራግፈው፣ «ቀጭ» እስኪል መልሰው ይጫኑት። በበጋ ደረቅ ቀን የናይለን ልብስና የሱፍ ሹራብ ለብሰው አይሥሩ፤ ከልብስ የሚፈጠረው ብልጭታ ለእኛ ምንም ባይመስለንም ለዚህ ዕቃ መብረቅ ነው።

ገመዱ የሚገባበትን ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን የብረት ሣጥን ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይጎዳል። እርሱ የባለሙያ ድርሻ ነው።

ሳጥኑ ተነሥቶ በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ጽፎ ከቆመ፣ ከመደንገጥዎ በፊት ተሰክቶ የቀረ ፍላሽ ካለ ይንቀሉና እንደገና ያስነሡት። ሰዓቱና ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ ደግሞ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ቁጥሯ ሲአር 2032 ይባላል፤ የሰዓት ሠሪ ቤት ትገኛለች። «ይህ ዊንዶውስ ጊዜው ስላለፈበት ነው የማይነሣው» የሚላችሁ ቢኖርም አትቀበሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ማቆሙ እውነት ነው፤ በዚህ ምክንያት ግን ኮምፒዩተር አይጠፋም።

ስለ ዳንቴልም ሳልናገር አላልፍም። ዕቃን አልብሶ ማኖር የቤት ማዕረግ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ኮምፒዩተር የሚተነፍሰው በቀዳዳዎቹ ነው። ሲሠራ ዳንቴሉን ያንሡለት፤ ሲጠፋ መልሰው ያልብሱት። ዕጣኑና የከሰል ጢሱም ከአቧራው ጋር ተደባልቆ በማራገቢያው ላይ እንደ ሙጫ ስለሚጋገር፣ ረከቦቱ ከጠረጴዛው ራቅ ይበል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ሠራተኞችም ልብ በሉ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ከጦሳ ሥር ካለው ብርድና ጉም ተነሥቶ ሐረጎን ወርዶ ሞቃት ቢሮ የገባ ላፕቶፕ፣ ልክ እንደ መነጽር ላብ ሊያወጣ ይችላል። ከቦርሳ አውጥታችሁ ቡና እስክትጠጡ አቆዩት፤ ከዚያ ክፈቱት።

መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ልማድ ይሁን። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ በመጀመሪያው ቅጽበት ከልኩ በላይ ሊዘል ይችላል። ማታ አምፖሉ የሚደበዝዝበት ሰፈር ከሆነ ስታቢላይዘር መግዛት፣ ኮምፒዩተር ከመግዛት ይረክሳል።

ወደ ፎቶግራፎቹ ልመለስ። ደብዳቤውን ሳነብ ያሳሰበኝ እርሱ ነውና። ፎቶግራፉ፣ የልጅ ማስታወሻው፣ የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጠው ሃርድ ዲስክ በሚባለው ክፍል ነው። ማዘርቦርዱ በእውነት ተቃጥሎ ቢሆን እንኳ ሃርድ ዲስኩ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ተፈትቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢሰካ ፎቶግራፎቹ ይነበባሉ። ስለዚህ አሮጌውን ሳጥን «ለመለዋወጫ» ብሎ በርካሽ ለሚጠይቅዎ ሰው ሃርድ ዲስኩን ሳያወጡ እንዳይሰጡ። «ፎርማት ላድርገው» ለሚልም፣ ፎቶግራፎቹ ተገልብጠው በዓይንዎ ሳያዩ እሺ አይበሉ። ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ደጋግሞ ማስነሣቱ ይበልጥ ይጎዳዋልና ወዲያው ያጥፉት።

ሴቶች ደግሞ ሌላም ሥጋት አለብን። በጋብቻ ቀን፣ በወሊድ ጊዜ፣ በቤት ውስጥ የተነሣነው ፎቶግራፍ በማናውቀው ሰው እጅ ሲገባ ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። ብልሽቱ የኤሌክትሪክ ብቻ መሆኑ ከታወቀ፣ ሃርድ ዲስኩ ተፈትቶ ቤት ሊቀር ይችላል። በሁለት ወይም በአራት ብሎን የተያዘ ነው። የጥገና ቤቱ ሰው ቅር ቢለው ይቀየም።

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ በተያዙበት ወቅት የወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከኮምፒዩተሮቹ ጋር በውስጣቸው የነበረው ሁሉ አብሮ ሄዷል። በየመኖሪያ ቤቱም የጠፋው እንዲሁ ነበር። ዕቃው በገንዘብ ተተክቶ ይሆናል።

የደጋኗ እናት ፎቶግራፎቹን ሲያገኙ በሁለት ፍላሽ ያስገልብጧቸው። አንዱን ከሰነዶችዎ ጋር ያኑሩ፤ ሁለተኛውን ግን በዚያው ቤት ሳይሆን በእህትዎ ወይም በጎረቤት ሣጥን ውስጥ በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡ። በዓመት አንድ ጊዜም ሰክተው መነበቡን ይዩ።