መልሱን አናጉርስ

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች አንድ የዓይን ምስክር ካገኘን ዜናው ያለቀ ይመስለናል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ኤልዛቤት ሎፍተስ ግን የሰው ትዝታ በጠያቂው ቃል እንደሚለወጥ ሲያጠኑ ነው የኖሩት።

እ.ኤ.አ. በ1974 ከጆን ፓልመር ጋር ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። ከዚያም ስለ መኪኖቹ ፍጥነት ሲጠይቁ ለ50ዎቹ «ሲጋጩ»፣ ለሌሎች 50 ደግሞ ጠንከር አድርገው «ሲላተሙ» አሏቸው። ከሳምንት በኋላ «የተሰባበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። «ሲጋጩ» ከተባሉት 7፣ «ሲላተሙ» ከተባሉት 16 «አዎ» አሉ። ፊልሙ ላይ ግን የተሰባበረ መስታወት አልነበረም!

ተማሪዎቹ ውሸታሞች አይደሉም። ታዲያ እኛ አደጋ ቦታ ደርሰን «ሹፌሩ እንዴት ይከንፍ ነበር?» ስንል መልሱን አጉርሰናቸው የለም? በዚያ መልስ የሰው ስም ይጠፋል፤ ሰው ሊታሰርም ይችላል።

«ታዲያ ምስክር አይታመን?» የምትሉ አትጠፉም። ይታመን እንጂ! ብቻ «ምን አዩ?» ብለን እንጀምርና ዝም ብለን እናዳምጥ። በማስታወሻችንም መልሱን ብቻ ሳይሆን የጠየቅንበትንም ቃል እንጻፍ። በእኔ አስተያየት የቃለ መጠይቅ ትምህርታችን መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።